ከቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ቀረጻዎች የቱን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የሙዚቃ ክበባችንን ተማሪዎች ከቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ጋር ላስተዋውቅ አስቤ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የቀረጻው ብዛት ግራ አጋባኝ። አንዱ 31 ደቂቃ ነው፣ አንዱ 33፣ ሌላው ወደ 40 ይጠጋል። ኖታው አንድ ከሆነ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የተሳሳተውስ የትኛው ነው? አንድ ባልደረባዬ አሮጌው ቀረጻ ለደራሲው ዘመን ስለሚቀርብ እሱን ምረጥ ይለኛል። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ያየውን ልወስድ ነበር። ያለን መሣሪያ አንድ ስልክና የሚኒ ሚዲያው ሞንታርቦ ነው። አንድ ብቻ ቢመርጡልኝ?»

ምላሽ፦ የኦርኬስትራ መሪውን የካርሎስ ክላይበርን ይውሰዱ፤ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በ1974 የቀረጸውን፣ ዶይቸ ግራሞፎን ያሳተመውን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለክበብ የሚሆን አንድ ቀረጻ ብቻ ከተባለ መልሴ ይኸው ነው፤ አልወላውልበትም። ነገር ግን ጥያቄዎ ውስጥ መታረም ያለባቸው ግምቶች አሉ። እነሱ ሳይስተካከሉ ስሙን ብቻ ይዘው ከሄዱ ነገ በሌላ ሲምፎኒ ላይ ያው ችግር ይገጥምዎታል።

ከደቂቃው እንጀምር። ርዝመትና ፍጥነት አንድ አይደሉም። ቤትሆቨን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ክፍል ላይ የድግግሞሽ ምልክት አስቀምጧል፤ የክፍሉን መክፈቻ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ተጫወቱት ማለት ነው። ብዙ መሪዎች የመጀመሪያውን ክፍል ድግግሞሽ ያከብሩና የመጨረሻውን ይዘሉታል። ሄርበርት ፎን ካራያን በ1962 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸው 31 ደቂቃ ገደማ ላይ የሚያልቀው የመጨረሻውን ድግግሞሽ ስለተወው ነው። ክላይበር ሁለቱንም ይጫወታል፤ ስለዚህ 33 ደቂቃ ይሞላል። ባለ 31ዱን ፈጣን፣ ባለ 33ቱን ዘገምተኛ ብለው ለይተዋቸው ከሆነ ይተዉት፤ በሩጫ ብዙም አይበላለጡም። ወደ 40 የሚጠጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኦቶ ክሌምፐረርን የ1959 ቀረጻ የመሰሉት በእርግጥም ዝግ ብለው ነው የሚሄዱት፤ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ጥርብ ድንጋይ ያስቀምጡታል። እሱም ቢሆን ስህተት አይደለም፤ መጀመሪያ ለሚሰማ ተማሪ ግን አልመክረውም።

ታዲያ ደራሲው ራሱ ስንት ፍጥነት ፈለገ? ይህን እናውቃለን። ሲምፎኒው ቪየና ውስጥ በዲሴምበር 22 ቀን 1808 ከተሰማ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1817፣ ቤትሆቨን የሜትሮኖም፣ ማለትም የሙዚቃን ፍጥነት በደቂቃ የሚለካው መሣሪያ፣ ቁጥሮችን አሳተመ። ለመጀመሪያው ክፍል የሰጠው ቁጥር 108 ነው፤ በደቂቃ 108 ባር ማለት ነው (ባር ኖታው በእኩል ምት የሚቆራረጥበት ቁራጭ ነው)። ክፍሉ 502 ባር አለው፤ የሚደገመው መክፈቻ ደግሞ 124 ነው። ደምረው ለ108 ቢያካፍሉት ስድስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በየመሃሉ ያሉት ማቆያዎች፣ ማለትም ድምፁን ከልኩ በላይ የሚያስረዝሙት ምልክቶች፣ ጥቂት ሰከንድ ይጨምሩበታል። ክላይበር፣ ሰው ሁሉ ነበልባል ነው የሚለው፣ 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ብቻ እያስተያየን ስህተት እናውጣ ካልን የተከበሩት ቀረጻዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ሜትሮኖሙን በቁም ነገር የያዙት በተለይ ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ የመጡት ናቸው።

ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብኝም። ድጓው አንድ ነው፤ ምልክቱም ተጽፏል። ሆኖም የቤተልሔም ቤት፣ የቆማ ቤትና የአጫብር ቤት አንዱን ቃል በየራሳቸው ያዜሙታል። የአጫብሩ መሪጌታ የቤተልሔሙን ተሳስቷል አይለውም፤ ሌላ ቤት ነው ይለዋል። ምልክቱን የሳተ ተማሪ ግን በየትኛውም ቤት ይታረማል። የሲምፎኒ ቀረጻም እንዲሁ ሁለት ነገር ይለይበታል። ፍጥነት፣ የድምፅ ክብደት፣ የዕረፍት ርዝመት የቤት ልዩነት ናቸው። የተጻፈውን መዝለል፣ ያልተጻፈ ማቀዝቀዝ ማስገባት፣ አንዱ መሣሪያ እንዲጫወት የታዘዘውን ለሌላ መስጠት ግን በምክንያት ካልሆነ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቢኖር አድማጭ ሊያውቀው ይገባል። ተማሪዎችዎ መካከል የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ካለ ይህን ለሌሎቹ እሱ ያስረዳልዎት፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።

የባልደረባዎ ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሙሉ የሲምፎኒ ቀረጻዎች አንዱ አርቱር ኒኪሽ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1913 የሠራው ነው። 1913 ከ1808 በ105 ዓመት ይርቃል፤ በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ የተቀመጠ ማንም ቤትሆቨንን አላየም። የዚያ ዘመን ቀረጻ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለቀረጻ ሥራ ላይ የዋለው በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ጡሩንባ ፊት ተጠጋግተው ይቀመጡና የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን አንቀሳቅሶ በሰም ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። የቫዮሊኖቹ ቁጥር ይቀነሳል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ስለማይያዝ የደብል ባሱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ለቱባ ይሰጣል። ስለዚህ የሚሰሙት አዳራሽ ውስጥ የተሰማውን ሳይሆን ጡሩንባው ሊይዘው የቻለውን ነው። ለታሪክ ውድ ነው፤ ለክበብዎ አይሆንም።

ለደራሲው ዘመን መሣሪያ የሚቀርበው ቀረጻ ይልቁንስ ከአዲሶቹ ነው። ጆን ኤልየት ጋርዲነር በ1990ዎቹ ኦርኬስትር ሬቮሉሲዮነር ኤ ሮማንቲክ ከሚባለው ቡድኑ ጋር የሠራው በጅማት አውታር፣ ቫልቭ (ድምፅ መቀየሪያ ቁልፍ) በሌለው ሆርን፣ ማለትም በተጠቀለለ የነሐስ መለከት፣ እና በጠንካራ ዱላ በሚመታ ቲምፓኒ፣ ማለትም በትልቁ የኦርኬስትራ ከበሮ ነው። ድምፁ ቀጭንና ስል ነው፤ የሜትሮኖሙን ቁጥር ለመጠጋትም ይደፍራል። ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ከአውሮፓ ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸው ደግሞ መካከለኛ መንገድ ነው፤ የዛሬ መሣሪያዎች ሆነው መለከቶቹ ብቻ የድሮዎቹ ናቸው።

ብዙ ሰው ያየውን ስለመውሰድ፦ የተመልካች ቁጥር የሚነግርዎ ስንት ሰው እንደከፈተው እንጂ ስንት ሰው እስከ መጨረሻው እንደሰማው አይደለም። በዚህ ሲምፎኒ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን አራት ድምፆች ነው። ብዙ የታዩት ፋይሎች መካከል የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ የያዙ አሉ። የመሪውም የኦርኬስትራውም ስም የሌለባቸው አሉ፤ በሌላ መሪ ስም የተለጠፉም አሉ። በተለይ «432 ኸርዝ» ወይም «ለመዝናናት» የሚል ተጽፎበት ካዩ አይንኩት፤ የድምፁ ከፍታ በኮምፒውተር የተነካካ ነው። ከማውረድዎ በፊት የመሪው ስም፣ የኦርኬስትራው ስም፣ ዓመቱና አራቱም ክፍሎች መኖራቸውን ያረጋግጡ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ቀረጻን በራስዎ መመዘን እንዲችሉ ኖታው ላይ በግልጽ ያሉ ቦታዎችን ላሳይዎት፤ ስሙን ሸፍነው እንኳ ሊፈትኑባቸው ይችላሉ።

የመጀመሪያው እነዚያው አራት ድምፆች ናቸው፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ወዲያው ዝቅ ብለው ይደገማሉ። ኖታው ላይ የመጀመሪያው ረጅም ድምፅ አንድ ባር ብቻ ይዞ የማቆያ ምልክት ተደርጎበታል። ሁለተኛው ረጅም ድምፅ ግን ከሚቀጥለው ባር ጋር ታስሮ ነው ማቆያው የተቀመጠበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይርዘም ማለት ነው። ሁለቱን እኩል የሚያደርግ መሪ እዚያው ላይ አንድ ነገር ስቷል። የክፍሉ ፍጥነትም ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ አንድ ነው፤ «መክፈቻውን በዝግታ፣ ከዚያ ሩጡ» የሚል አልተጻፈም። ሆኖም አራቱን ድምፆች በእጥፍ አግዝፈው የሚጀምሩ ቀረጻዎች ሞልተዋል። ምክንያቱ አንድ ተረት ነው፤ «ዕጣ ፈንታ በር ሲያንኳኳ እንዲህ ነው» ብሎ ቤትሆቨን ተናገረ የሚባለው። ይህን ያወራው ረዳቱ የነበረው አንቶን ሺንድለር ነው። ሺንድለር ደግሞ ደራሲው ከሞተ በኋላ በመነጋገሪያ ደብተሮቹ (ቤትሆቨን መስማት ስለተሳነው ሰዎች ንግግራቸውን ይጽፉለት በነበሩት) ላይ ከራሱ ፈጥሮ እንደጨመረ የተረጋገጠበት ሰው ነው። እባክዎን ለተማሪዎቹ ይህን እንደ እውነት አይንገሯቸው። ከነገሯቸው ሙዚቃውን ትተው በሩን ነው የሚሰሙት።

ሁለተኛው ቦታ የመጀመሪያው ክፍል መሃል ነው። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ተመልሶ ሲገባ በድንገት ሁሉም ዝም ይልና አንድ ኦቦ (በትንፋሽ የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ) ብቻውን ይቀራል፤ አንድ ትንፋሽ የምታህል ዘገምተኛ ዜማ ይጫወታል። ደራሲው «አዳጂዮ» (በዝግታ) ብሎ ጽፎባታል። የሚሮጥ መሪ እንቅፋት እንደመታው አድርጎ ያልፋታል። ክላይበር ኦቦውን ይተወዋል፤ ሙዚቀኛው የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጣ የበለጠ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ «ባሱን» የሚባለውን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን የእንጨት ነፊ መሣሪያ ይፈትኑ። በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛውን ዜማ የሚያበስረው ሆርን ነው። ዜማው በኋላ በሌላ ድምፅ ከፍታ ሲመለስ ግን የዚያ ዘመን ሆርን ቫልቭ ስላልነበረው ድምፆቹን አያገኛቸውም ነበር፤ ስለዚህ ቤትሆቨን ጥሪውን ለሁለት ባሱኖች ጻፈው። ቫልቭ ያለው ሆርን ከመጣ በኋላ ብዙ መሪዎች «ቢችል ኖሮ ሆርን ነበር የሚጽፈው» ብለው ወደ ሆርን መለሱት። የሁለቱም ወገን ክርክር የሚናቅ አይደለም። እኔ ባሱኑን እመርጣለሁ፤ የድምፁ መሻከር በዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይናገራል። የጋርዲነርን ካገኙ ባሱኖቹን እዚያ ያገኟቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው መሻገሪያው ነው። ሦስተኛው ክፍል አያበቃም፤ ይመነምናል። ቫዮሊኖቹ አውታራቸውን በጣት ብቻ እየነኩ ይቆዩና በመጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ ከታች ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ ቲምፓኒው ያንኑ የመጀመሪያውን ክፍል ምት በጣም በቀስታ እየመታ ይቆያል። ዜማው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከዚያ በጥቂት ባር ውስጥ ድምፁ አብጦ አራተኛው ክፍል ይፈነዳል። እስከዚያ ድረስ ተቀምጠው የጠበቁ ሦስት ትሮምቦኖች፣ አንድ ፒኮሎና አንድ ኮንትራባሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡት እዚህ ነው። ቤትሆቨን በሲምፎኒዎቹ ውስጥ ትሮምቦን ሲጠቀም የመጀመሪያው ነበር። መሪው መሻገሪያው ላይ ቸኩሎ ድምፁን አስቀድሞ ካሳደገው ፍንዳታው ፍንዳታ አይሆንም። ክላይበርን ያስመረጠኝ ከሁሉም በላይ ይህ ቦታ ነው። ቲምፓኒው መሰማቱ እስኪያጠራጥር ድረስ ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ምቱ አይላላም፤ አራተኛው ክፍል ሲገባም ኦርኬስትራው ብርሃን እንጂ ጩኸት አያወጣም። ከዚያ ያንን ታላቅ መክፈቻ እንደታዘዘው ይደግመዋል። ድግግሞሹን የሚዘሉት መሪዎች ድሉ አንዴ ከታወጀ ለምን ይደገማል ይላሉ። እኔ ግን በሦስት ክፍል ጨለማ የመጣ አድማጭ ያንን ድል አንዴ ብቻ ቢሰማ አይበቃውም ብዬ አምናለሁ።

ይህ መሻገሪያ ደግሞ በቀጥታ ወደ መሣሪያዎ ያመጣኛል፤ ምክንያቱም ባለዎት ሞንታርቦ የሚጠፋው እሱ ነው። የሚኒ ሚዲያ ሞንታርቦ የተሠራው ማስታወቂያ በሜዳ ላይ ለማሰማት ነው። ንግግርን ያጎላል፤ የቼሎና የደብል ባስን ቀስታ ግን አያወጣም። ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ቼሎና ባሶቹ ብቻቸውን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይገባሉ፤ ተማሪው ምንም አይሰማም፤ እርስዎ ድምፁን ይጨምራሉ፤ ከዚያ አራተኛው ክፍል ሲመጣ ስፒከሩ ይሰነጠቃል። የድምፁን መጠን ሲምፎኒው ከመጀመሩ በፊት በአራተኛው ክፍል መክፈቻ ይለኩት፤ እሱ ሳይሰነጠቅ የሚሰማበትን ልክ ይያዙና ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አይንኩት። የስልኩን «ባስ ቡስት» ያጥፉ። ከስልኩ ወደ ሞንታርቦው የሚሄደው ገመድ የግራውን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ በቀኝ በኩል የተቀመጡት መሣሪያዎች እየራቁና እየደበዘዙ ይሰማሉ። ስልኩ ቅንብር ውስጥ «ሞኖ» (ግራና ቀኙን አንድ ላይ የሚያደርግ) የሚል አለ፤ እሱን ያብሩት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሞንታርቦውን ትቶ ለአንድ መማሪያ ክፍል የሚበቃ ደህና ስፒከር መዋስ ነው። በኤርፎን ለሁለት ለሁለት እየተካፈሉ ቢሰሙ እንኳ ይሻላል።

የሙዚቃ ክበቡ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ያለበትን ቀን አይምረጡ። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የቪየና ፊልሃርሞኒክም ቢሆን አይሰማም። መብራትም ኔትወርክም በመሃል እንዳያቋርጥዎት ፋይሉን አስቀድመው አውርደው በስልኩ ላይ ይያዙ፤ በቀጥታ ከኢንተርኔት አያጫውቱ። በቴሌግራም የሚዞሩትን በጣም የተጨመቁ ፋይሎችም ይተዉ፤ የቲምፓኒው ቀስታና የኦቦው ትንፋሽ መጀመሪያ የሚጠፉት በመጨመቅ ነው።

የክላይበር ቀረጻ እንከን የለውም አልልም። ኦርኬስትራው ትልቅ የዛሬ ኦርኬስትራ ነው፤ ቤትሆቨን የሰማው ድምፅ ይህ ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያውም ክፍል ከሜትሮኖሙ ዘገም እንደሚል አይተናል። ካላገኙት የካራያንን የ1962 ይውሰዱ፤ ጉልበቱ አያንስም፤ የጎደለው የመጨረሻው ድግግሞሽ መሆኑን ግን ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው። የአርቱሮ ቶስካኒኒን የ1952 የሚያደንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔም አደንቀዋለሁ፤ ነገር ግን ሞኖና ደረቅ ድምፅ ስላለው በትንሽ ስፒከር ጆሮ ያደክማል። የክላይበር አባት ኤሪክ ክላይበርም ይህንኑ ሲምፎኒ በ1953 ከአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ ጋር ቀርጾታል። አባትና ልጅን ማነጻጸር ለሚወድ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጥንድ የለም፤ ከልጁ በፊት ግን አያሰሟቸው።

የዊልሄልም ፉርትቬንግለርን የ1947 ደግሞ ያቆዩት። ከጦርነቱ በኋላ ኦርኬስትራ እንዳይመራ ታግዶ ቆይቶ ወደ በርሊን ፊልሃርሞኒክ ሲመለስ በኮንሰርት ላይ የተቀረጸ ነው። ያዘገማል፣ ያፈጥናል፣ እንደገና ይይዛል፤ ኖታው ያላዘዘውን ብዙ ያደርጋል፤ መሻገሪያው ላይ ግን ትንፋሽ ይነሳል። ለዚህ ቀረጻ ጆሮ የሚሰጥ ሰው ኖታው ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ያንን ነፃነት ሕግ አድርጎ ይይዘዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ክላይበርን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ያሰሙ፤ በመሃል ማብራሪያ አይስጡ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል መካከል ፋይሉ ዝምታ ካስገባ ደግሞ አንድ ወጥ ሆኖ የተጫነውን ይፈልጉ። በሚቀጥለው የክበብ ቀን የጋርዲነርን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ያሰሙና ባሱኖቹን ማን ለይቶ እንደሰማቸው ይጠይቁ። ፉርትቬንግለር ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይሁን።